በላ ልበልሃ በጌም ቤት

ደብረ ማርቆስ ላይ የሐምሌ ዝናብ ከያዘህ መጠለያ አትመርጥም፤ ያገኘኸው ጣራ ሥር ትገባለህ። አምና ክረምት ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ሳለ፣ ከገበያ ወደ ቤት ስመለስ ዶፉ መንገድ ላይ አገኘኝና በሩ ገርበብ ካለ አንድ ቤት ጥልቅ አልኩ። ጃኬቴን አራግፌ ቀና ስል ለካ የገባሁት ጌም ቤት ኖሯል። አንድ ክፍል ነው። ሦስት ቴሌቪዥን፣ በየቴሌቪዥኑ ፊት አንድ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከተቀመጡትም የቆሙት የሚበዙበት ጉባኤ። ሁለቱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ላይ ፕሌይ ስቴሽን 4 ተሰክቷል። ጥጉ ላይ ግን ጀርባው እንደ ጎተራ የተነፋ አሮጌ ቴሌቪዥን አለ፤ እሱ ላይ የተሰካው ፕሌይ ስቴሽን 2 ነው። የጥጉ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ሳንቲም ያጠረው ልጅ እሱ ላይ ይቀመጣል።

ክርክሩን ማን እንዳስነሳው አላየሁም። እኔ ስደርስ ግን ጦፏል።

«ይኼኮ ሣሩ እንኳ አንድ በአንድ ይታያል! የተጫዋቹን ላብ ታየዋለህ!» ይላል በአዲሱ መሣሪያ ወገን የቆመው።

«ላቡን አይተህ ምን ልታደርገው ነው? ልትጠርግለት ነው?» ይመልሳል የጥጉ ልጅ። «እኔ የማየው ጎሉን ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ አንዱ ወደ በሩ ዞር ሲል እኔን አየና፣ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን፤ የቱ ይሻላል?» አለኝ።

መጀመሪያ የደነገጥኩት «እርስዎ» መባሌ ነው። በጌም ቤት ውስጥ አንቱታ ያገኘሁት ያን ቀን ነው፤ ዕድሜ እንዲህ ባለ ቦታ እጅ ከፍንጅ ይይዛል። ቀጥሎ ግን ነገሩ ደስ አለኝ። ጎጃም ሙግት ወዳድ አገር ነው። አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ መንገደኛውን አስቁመው፣ ዛፍ ሥር አስቀምጠው፣ ዳኛ ያደርጉት ነበር። እኔም በዝናብ ተይዤ ዳኛ ሆንኩ። ምን ያደርጋል፣ ፍርዱን ለመስጠት አፌን ስከፍት የማቀርበው ነገር በዚያች ዝናብ የሚያልቅ ሆኖ አላገኘሁትም። «ቀጠሮ ሰጥቻችኋለሁ» ብዬ፣ ዝናቡም ሲያባራ ወጣሁ። እነሆ ቀጠሮው ደረሰ።

ዳኛው በመጀመሪያ ራሱ ምስክር ነውና ቃሌን ልስጥ።

የእኔ ዕድሜ ልጅ ኳስን በቴሌቪዥን መስኮት ውስጥ ከመጫወቱ በፊት በእንጨት ነው የተጫወተው፤ በጆተኒ። የጆተኒ ተጫዋቾች በብረት ዘንግ የተሰኩ ናቸው፤ አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራል፣ አንዱ ሲገለበጥ መስመሩ በሙሉ ይገለበጣል። ድካሙ ግን የራስህ ነው። ስትሸነፍ እጅህ ይዝላል፣ ስታሸንፍ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ይህን ያነሣሁት ለመመዘኛ እንዲሆነኝ ነው፤ ከጆተኒ በኋላ የመጣውን መሣሪያ ሁሉ የመዘንኩት፣ «እጄ ያዘዘውን ያደርጋል ወይ?» በሚል ጥያቄ ነበርና።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የሰፈራችን አንድ ልጅ ዘመዱ ከአዲስ አበባ ያመጣለትን «ቲቪ ጌም» ይዞ ብቅ አለ። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ያወጣው መሣሪያ የተቀዳ ቅጂ ነው፤ ቢጫ ካሴት ይጎርሳል፤ በቴሌቪዥኑ አንቴና ቀዳዳ በኩል ይገባል። በውስጡ እ.ኤ.አ. በ1985 የተሠራው የኒንቴንዶ እግር ኳስ ነበረበት። አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ በየወገኑ። ብራዚልም ጃፓንም አንድ ናቸው፤ የሚለዩት በማልያ ቀለም ነው። የልጁ ቴሌቪዥን ደግሞ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ያንኑ ቀለም ግራጫና ግራጫ አድርጎ ያሳየን ነበር። የራሳችንን ቡድን ስናጣ እርስ በርስ እየተወቃቀስን ቆየን። ቢሆንም አንድ ነገር ገባን፤ እነዚህ ሰዎች በዘንግ አልተሰኩም። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ይቆማል።

ሴጋን ያየሁት አዲስ አበባ፣ አክስቴ ቤት ነው። የመጀመሪያው ፊፋ እ.ኤ.አ. በ1993 መገባደጃ በዚያ መሣሪያ ላይ ነበር የወጣው። ሜዳውን ከላይና ከጎን፣ አግድም አዘንብሎ ያሳያል፤ ለዓይን ያማረ ነው። ሆኖም ቀዳዳ ነበረበት። በረኛው ኳሱን ሊለጋ ሲል ከፊቱ ሄደህ ከቆምክ፣ ኳሱ አንተን ነክቶ ተመልሶ ጎል ይገባል። የአክስቴ ልጅ በዚህ ዘዴ በአንድ ጨዋታ ስድስት አገባብኝ። የመጀመሪያውን የፊፋ ትምህርቴን ያን ቀን ተማርኩ፤ መልክ ብቻውን አይዳኝም።

ፕሌይ ስቴሽን ማርቆስ የደረሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ጃፓን ገበያ ላይ ከዋለ (እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ) ስንት ዓመት እንደዘገየ ቁጠሩት። አንድ ጨዋታ ሃምሳ ሳንቲም። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ሲዲው ኮናሚ የተባለው ኩባንያ የሠራው ዊኒንግ ኢለቨን ሲሆን፣ ለጃፓን ገበያ የወጣ ስለነበር ጽሑፉ በሙሉ በጃፓንኛ ነው። ከመካከላችን አንድም ፊደል የሚለይ አልነበረም። ታዲያ ምን አደረግን? በቃላችን ያዝነው። ከላይ ሦስተኛው መስመር የጨዋታው ርዝመት ነው፤ ከሥሩ ያለው የአየሩ ሁኔታ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ። ዳዊት የሚደግም የቆሎ ተማሪ ይመስል፣ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ሊገባና ሊወጣ ይችላል። ተንታኙ በጃፓንኛ ሲጮህ እኛም አብረነው በጃፓንኛ እንጮሃለን፤ ምን እያልን እንደሆነ ግን እግዜር ይወቀው።

ዊኒንግ ላይ ኳሷ ከእግር ጋር አልተሰፋችም። ትነጠላለች፣ ትነጥራለች፣ ተከላካይ ላይ ተመትታ ወዳልጠበቅከው ትሄዳለች። በዚያን ጊዜው ፊፋ ደግሞ ኳሷ ከጫማው ጋር የታሰረች ትመስል ነበር። በምላሹ ፊፋ ስም ነበረው፤ ክለቦቹና ሊጎቹ በፈቃድ የተገዙ ስለሆኑ ቼልሲ ቼልሲ ይባላል፣ ሊቨርፑልም ሊቨርፑል። ኮናሚ ፈቃድ ስላልነበረው በኋለኞቹ ሲዲዎች ላይ ቼልሲን «ሎንዶን ኤፍ ሲ»፣ ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ» እያለ የዳቦ ስም ያወጣላቸው ነበር። የእኛ ሰፈር ልጅ የሊቨርፑል ደጋፊ ሆኖ ሳለ ቡድኑን በዳቦ ስሙ ብቻ የሚያውቅ ነበር ብል የተጋነነ አይምሰላችሁ።

ሌላም ልዩነት ነበር፤ ከተማውን ለሁለት የከፈለ። መያዣው ያው ጆይስቲክ ነው። ዊኒንግ ላይ ግብ የሚመታው በአራት ማዕዘኑ ሲሆን ክቡ ያሻግራል። ፊፋ ላይ ክቡ ይመታል፣ አራት ማዕዘኑ ያሻግራል። ስለዚህ በፊፋ ያደገ ልጅ የዊኒንግ ቤት ገብቶ ከበረኛ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ኳሷን ለማንም ወደማይደርስ ቦታ ያሻግራታል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞታል። ሰው ጣቱ የለመደውን በቀላሉ እንደማይተው የተማርኩት ከዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ በጋዜጣ ሥራም፣ በትዳርም ስፈትነው ያው ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወደ ዋናው ተከራካሪ እንምጣ፤ ወደ ፕሌይ ስቴሽን 2። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ፣ በዓለም ላይ ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ነው። ከነዚያ ሁሉ ሚሊዮኖች አንዱን አጎታችን ከዓረብ አገር ላከልን። ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ። እሱ በአምስት ዓመት ያንሰኛል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6 እጃችን ሲገባ ማርቆስ ውስጥ ሕግ እስከማውጣት ተደርሷል። ብራዚላዊው አድሪያኖ የመምታት ኃይሉ 99 ነበር፤ ከዚያ በላይ ቁጥር የለም። ከመሐል ሜዳ ትንሽ አለፍ ብሎ ከመታ በረኛው ከነኳሱ መረብ ውስጥ ይገኛል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ «አድሪያኖን መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። የጌም ቤት ሕገ መንግሥት እንበለው።

እኛ ቤት ግን የተሠራው ሥራ ከአድሪያኖ ይበልጣል። መሣሪያው 8 ሜጋባይት የምትይዝ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሜሞሪ ካርድ አለችው። ጨዋታው ደግሞ የተጫዋቹን ስም፣ መልክ፣ ጉልበት መለወጥ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ እዚያ ውስጥ የለችም፤ ካሜሩንና ናይጄሪያ አሉ፣ እኛ የለንም። ወንድሜ ይህ በጣም አበሳጨው። «እኛኮ ዋንጫ በልተናል» ይላል። አባታችን በልጅነቱ በሬዲዮ የሰማውን ስለሚተርክልን ነው፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ግብፅን 4 ለ 2። ተክሌ ኪዳኔ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ። አራቱንም ግብ አግቢዎች አባታችን በቅደም ተከተል ይጠራል።

እናም ሠራነው። ዳቦ ስም ካላቸው ክለቦች አንዱን ስሙን ፍቀን «ደብረ ማርቆስ» አልነው። አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ፣ የመምታት ኃይል 99፤ ከአድሪያኖ እኩል፣ አንድ ነጥብ አልተቀነሰበትም። አምበል ሉቺያኖ። ተከላካዮቹ የሰፈር ልጆች ናቸው፤ አንዱ ጎረቤታችን ኳስ ስለከለከለን ሆን ብለን ፍጥነቱን 40 አደረግነው። መሣሪያው የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ስሙን ሁሉ በባዕድ ፊደል ቆራርጠን አስገባነው። አንድ ክረምት ፈጀብን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፣ መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠው ሥራ ሁሉ ይጠፋል፣ ሲመጣ እንደገና እንጀምራለን።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ሚሊኒየሙ በገባበት መስከረም፣ 2000 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ለጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ትምህርት አዲስ አበባ ልገባ ሆነ። የመጀመሪያው ወር የቤት ኪራይ ጎደለኝ። ወንድሜ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ መሣሪያውን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ወስጄ ለአንድ ጌም ቤት ሸጥኩት። ማታ ነገርኩት። አልጮኸም፤ አላለቀሰምም። ብቻ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ካርዷንስ?» አለኝ።

ካርዷን ረስቻታለሁ። እንደተሰካች አብራ ተሸጣለች። በማግስቱ በጠዋት ብሄድ ባለቤቱ ለቤቱ ደንበኞች ቦታ ለመልቀቅ ሲል ያለውን ሁሉ አጥፍቷል። መንግሥቱ ወርቁ የለም። ሉቺያኖ የለም። አውቶቡሱ ላይ ስወጣ ወንድሜ ሊሸኘኝ አልመጣም፤ ገና ድረስም አልተነጋገርንም። ከእኔ ወገን ያለው ምክንያት ኪራዩ ነበር፤ ምክንያት ደግሞ ይቅርታ አይሆንም።

ዓመታት ሄዱ። ፕሌይ ስቴሽን 3 መጣ፣ 4 መጣ። አዲሶቹን የሚያጣጥል ሽማግሌ መስዬ እንዳልታይ እውነቱን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ፊፋ 10 በፕሌይ ስቴሽን 3 ላይ ኳስ ገፍቶ መሄድን ከስምንት አቅጣጫ አላቅቆ ዙሪያውን ሁሉ ከፈተው። በአሮጌው መሣሪያ ላይ ግን ያው ስም፣ ያው ሽፋን፣ ውስጡ የድሮው ስምንት አቅጣጫ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ የተጫወትኩ ዕለት ከጆተኒ ዘንግ ለሁለተኛ ጊዜ የተፈታሁ መሰለኝ። የጥጉ ልጅ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ ሣሩና ላቡ ብቻ አይደለም የተለወጠው፣ እግሩም ተለውጧል።

ፕሌይ ስቴሽን 2 የመጨረሻዎቹን የኳስ ሲዲዎች ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓለሙ ቆሟል። ሜሲ ባርሴሎናን አይለቅም፣ ሮናልዶ ከማድሪድ አይወጣም፣ ጄራርድ ጫማ አይሰቅልም። በጥጉ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ እሱ ገና በቅጡ መራመድ ባልጀመረበት ዘመን የተሰለፉትን ያሰልፋል። ለአዲሱ ወገን ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ እኔም ተቀብዬዋለሁ።

ሆኖም ከወዲያኛው በኩል ሌላ ማስረጃ አለ። ማርቆስ ውስጥ መብራት ይሄዳል። ሲመለስ ፕሌይ ስቴሽን 2 ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሣል። 4ተኛው ግን በአግባቡ አልተዘጋሁም ብሎ ይወቅስሃል፣ ውስጡን እስኪፈትሽ ያስጠብቅሃል፤ ያጠፋኸው አንተ ይመስል። ሌላውም አለ። የኮናሚው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2021 ስሙን ኢፉትቦል አድርጎ በነፃ ሆነ፤ ነፃው ግን ከኢንተርኔት ለሚያወርድ ነው። ፊፋም እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙን ትቶ ኤፍ ሲ ተባለ። በሲዲ ቢመጣም የዝውውሩን ዝርዝር የሚያድሰው በመስመር ነው። መስመር ያለው ሰው አይታየውም። እኛ ግን መስመር ምን እንደሆነ ያወቅነው ሲጠፋ ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ለብዙ ወራት እንደተቋረጠ ቆየ። እኔ አዲስ አበባ፣ ወንድሜ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ማርቆስ። በመካከላችን 300 ኪሎ ሜትርና የዓባይ በረሃ። ስልክ አንዳንድ ቀን ይሠራል፤ አንዳንድ ቀን አይሠራም። በሚሠራበት አንድ ማታ አገኘሁት።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኩት።

«ኳስ እየተጫወትን» አለኝ።

ልቤ ቀጥ አለ። «ውጭ?»

«ኧረ ቤት ውስጥ! ከልጄ ጋር።»

ለካ አንድ ጌም ቤት ሲዘጋ አሮጌውን ፕሌይ ስቴሽን 2 ገዝቶታል። ኢንተርኔት አይጠይቅ፣ ፈቃድ አይጠይቅ፤ መብራት ብቻ ካለ ይበቃዋል። በራቸውን ዘግተው፣ ድምፁን ቀንሰው፣ በረጅሙ ማታ አባትና ልጅ ይጫወታሉ። በዚያ ሰሞን ስንት ነገር እንዳሳሰበኝ ልነግራችሁ አልችልም። ያን ማታ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አምና ክረምት ዝናቡ ሲያባራ ከዚያ ጌም ቤት ወጥቼ የሄድኩት ወደ እሱ ቤት ነው። ራት ከበላን በኋላ መሣሪያውን ከፈተው። ቡድን ምረጥ አለኝ። ዝርዝሩን ሳወርድ «ደብረ ማርቆስ» የሚል አየሁ።

እንደገና ሠርቶታል፤ ከ18 ዓመት በኋላ። መንግሥቱ ወርቁ 99። ሉቺያኖ አምበል። አዲሶችም ገብተዋል፤ ሳላዲን ሰኢድና አዳነ ግርማ። ለምን እነሱን እንደጨመረ ጠየቅኩት። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የወጣችበት ቀን ጥር 13 ቀን 2005 ነው፤ ዋንጫውን ከበላንበት ከጥር 13 ቀን 1954 ጋር ቀኑ አንድ ነው። አዳነ ያን ዕለት አገባ፤ ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። «ስለዚህ ፍጹም ቅጣት ምት እዚህ እንዳይስት አድርጌዋለሁ» አለኝ።

ዓይኔን ወደ ተጠባባቂዎቹ ዝቅ ሳደርግ የራሴን ስም አነበብኩ። ግራ ተከላካይ። ፍጥነት 40።

«ይኼ የጎረቤታችን ቁጥር አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«እሱን ይቅር ብየዋለሁ» አለኝ ሳቁን አፍኖ። «ወንድም ጋሼ፣ ከፈለግህ እንደ አጨዋወትህ እጨምርልሃለሁ።»

ስለ ማዳበሪያውም፣ ስለ ኪራዩም አላነሣም፤ እኔ ግን አነሣሁ። «ያን ጊዜ አጥፍቻለሁ» አልኩት። ልጁ ጆይስቲኩን ይዞ ይጠብቀን ነበርና «እሺ ተጫወት» ብቻ ብሎ መለሰልኝ። በመጀመሪያው ጨዋታ ከልጁ ጋር 4 ለ 1 ተሸነፍኩ። ክብንና አራት ማዕዘንን ጣቴ አምታታብኝ፤ ከበረኛው ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቼ አሻገርኩ።

እንግዲህ የጌም ቤቱ ተከራካሪዎች ሆይ፣ ፍርዴ ይኸው። ለዓይንና ለእግር አዲሱ ይረታል፤ አሮጌው በዚህ በኩል ሙግቱን ተሸንፏል። ለእጅና ለመብራት እኩል ናችሁ፤ አንዱ ያምራል፣ ሌላው ይታገሣል። መስመር ሲጠፋ ቤት ዘግቶ የሚያጫውትን፣ የሌለች አገርን በ8 ሜጋባይት ውስጥ አስገብቶ የሚያኖርን በተመለከተ ግን የጥጉ ልጅ ይርታ። ኪሳራ ይቻቻሉ። ይግባኝ ያለው ካለ በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ከዚያው ቤት ያስገባኝ ይሆናልና፣ ያኔ ፍጥነቴ ወደ 50 ከፍ ማለቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይዤ እቀርባለሁ።